ሙዚየሙ ወደ ጋይንት ገበያ ይውጣ

ይድረስ ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ትምህርት ቢሮ ኃላፊ፤ ባሕር ዳር



ንፋስ መውጫ ላይ የተጣደ ባቄላ ቶሎ እንደማይበስል የላይ ጋይንት እናቶች ያውቃሉ። ለምን ቢባሉ ደጋው ነው፣ ብርዱ ነው ይላሉ። ደጋው እውነት ነው፤ ብርዱ ግን ዋናው ምክንያት አይደለም። ከተማዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ቀንሷል፤ ውኃውም 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ከፈላ በኋላ ማገዶ ቢማግዱበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ውኃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። ያው ድስት ወደ ስማዳ ቆላ ወርዶ ቢጣድ አምስት ዲግሪ ያህል ጨምሮ ይፈላል፤ ባቄላውም ፈጥኖ ይበስላል። ተማሪው ግን «ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብሎ ይሸመድዳል፤ ሲጠየቅም ያንኑ ይመልሳል። በእናቱ ድስት የፈላ ውኃ ግን 100 ዲግሪ ደርሶ አያውቅም! በመጽሐፉና በድስቱ መካከል ያለውን ይህን ክፍተት የሚዘጋ ነገር ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ልጆች እንዲያዘጋጁላቸው ነው የምጽፍልዎ።

ሙዚየም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መስታወት ውስጥ የተቀመጠ ዕቃና «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ነው። እኔ የምለው ግን ካልነኩት የማይገባ ዕቃ ያለበትን ነው። የዚህ ዓይነቱ ሙዚየም ስመ ጥር ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1969 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተከፈተው ኤክስፕሎራቶሪየም ሲሆን፣ መሥራቹ የፊዚክስ ሊቁ ፍራንክ ኦፐንሃይመር ነው። ሰውየው በፖለቲካ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ከብት ሲያረባ ኖረ፤ ቆይቶም በኮሎራዶ ተራራማ ገጠር፣ ፓጎሳ ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አስተማረ። ልጆቹን ወደ ቆሻሻ መጣያ ወስዶ ከተጣሉ የመኪና ዕቃዎች መካኒክስንና ሙቀትን ያሳያቸው ነበር። ሕንዶች ደግሞ ለእኛ የሚቀርበውን አድርገዋል፤ የካልካታው ቢርላ የኢንዱስትሪና የቴክኖሎጂ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1965 መሣሪያዎቹን በመኪና ጭኖ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች መላክ ጀመረ። በእኛም አገር በመስከረም 2015 የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም አዲስ አበባ ላይ አለ። መሠራቱ ደግ ነው፤ ነገር ግን ከስማዳዋ ወገዳ ወይም ከታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የሰባተኛ ክፍል ልጅ በማን ገንዘብ፣ ከማን ጋር ሄዶ ያየዋል? ልጁ ወደ ሙዚየሙ መሄድ ካልቻለ ሙዚየሙ ወደ ልጁ መምጣት አለበት።

በእጅ እየሠሩ መማር ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው፣ የአገሬውን ወጣቶች አብረው አሠርተው መድፍ አስቀልጠዋል። መጀመሪያ የተሞከረው አልተሳካም፤ ምድጃው ተሻሽሎ እንደገና ተሞከረ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 በጋይንት በኩል፣ ጨጨሆን አልፎ፣ ገደሉን በገመድና በጋሪ እየወረደና እየወጣ መቅደላ ደረሰ። ያን መንገድ የደለደለና ያን ገመድ የሳበ ገበሬ ስለ ዘንባላ ወለልና ስለ ሰበቃ በቃል ሳይሆን በትከሻው ያውቅ ነበር። የሚቆጨው፣ ከዚያ ወዲህም ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያልን፣ ሸክላ ሠሪዋን እያራቅን መኖራችን ነው። ዕውቀትን ከእጅ የለየነው እኛው ነን፤ ዛሬ በቤተ ሙከራ እጦት ብቻ ማሳበብ አይበቃም።

የሚጫነው ዕቃ ውድ መሆን የለበትም። ሁለት የቆርቆሮ ሣጥን ይበቃል እንበል። አንዱ ባዶ አፈር፣ ሌላው ሣር የበቀለበት አፈር ይይዛል። ሁለቱም እኩል ያዘነብላሉ፤ እኩል ውኃ በወንፊት ይፈስባቸዋል፤ ከሥራቸው ሁለት ብርጭቆ ይቀመጣል። በአንዱ ብርጭቆ ቡና የመሰለ ደለል፣ በሌላው የጠራ ለማለት የሚቀርብ ውኃ ይጠራቀማል። የጉና ተራራ በጉማራና በርብ ወንዞች በኩል አፈሩን ወደ ጣና ሲሰድ፣ የስማዳ ዳገት ደግሞ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሲሰድ፣ ነገሩ እንዲህ ዓይን ሥር ሲደረግ እርከን የሚሠራው አባትም ልጁም እኩል ይከራከሩበታል። ገበሬው በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል፤ የልማት ሠራተኛው ገመዱን ዘርግቶ በውኃ ልክ ሲለካ ያያል፤ አረፋዋ ለምን መሃል እንደምትቆም ግን የሚነግረው የለም። እንዲህ ያለ ሙዚየም ለተማሪ ብቻ አይደለም የምለውም ለዚህ ነው፤ ገበያ መሃል ቢቆም አያትም ትጠይቃለች።

መቃወሚያው አይጠፋኝም። ከባዱን ላስቀድም፦ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ጣሪያና ወንበር በሌለበት ምን ሙዚየም ነው? ይህን የሚለው ሰው እውነት አለው፤ የክፍል ጣሪያ ይቀድማል፤ መንገዱ ሰላም ባልሆነበትም መኪና ላኩ አልልም። ሆኖም ትምህርት ለተቋረጠበት ልጅ በአንድ ሣጥን ተጭኖ በአጋሰስ እንኳ ሊደርስ የሚችል ነገር ሕንፃ ከሚጠብቅ ይሻላል። ሁለተኛው ወጪ ነው። ሣጥኑን የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች በየወረዳቸው ሊበይዱት ይችላሉ፤ አስረጂዎቹንም ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪዎች መሃል ማግኘት አያዳግትም። ሦስተኛው «ጨዋታ ነው፤ ፈተና አያሳልፍም» የሚለው ነው። በአገር አቀፉ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። ሙዚየሙ ይህን ቁጥር ያነሳዋል ብዬ ቃል አልገባም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ግን ሽምደዳውስ መቼ አሳለፈን?

ስለዚህ ከቢሮው የምጠይቀው ሕንፃ አይደለም። ደብረ ታቦርን መነሻው ያደረገ አንድ አይሱዙ፣ በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚዞርበት መርሐ ግብር፣ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ደግሞ ከመምህራን ጋር የሚቀር ሣጥን እንዲመደብ ነው። ዕቃዎቹ ይሰበሩ ይሆናል፤ ለጥገና የሚሆነው ገንዘብ ከመጀመሪያው በጀት ይያዝለት። የመጀመሪያው ጉዞ ንፋስ መውጫ ገበያ ላይ ቢሆን፣ ቴርሞሜትርና ድስት አይረሳ፤ ባቄላውን የአገሩ ሰው ያመጣል።