ሦስት ክረምት የሚጠበቅ አበባ

እኛ ዘንድ ደብረ ማርቆስ ሰኔ ገብቷል፤ ጓሮው ረጥቧል። ብዙዎቻችሁ «በየዓመቱ ዘር ከመፈለግ የሚያሳርፍ አበባ የለም ወይ?» ስለምትሉ ዛሬ ስለ ቋሚ አበባ እንጨዋወት።

አደይን ተመልከቱ። መስከረም ላይ ጋራውን ቢጫ ታለብሳለች፤ ከዚያ ዘሯን ጥላ ትደርቃለች። ቋሚ አበባ ግን ሥሩ መሬት ውስጥ ከርሞ በየዓመቱ ያቆጠቁጣል። ከዘር ሲነሣ ብዙው በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ነው። ቶሎ የምትደርሰው ዳሊያ ናት፤ ግንቦት ላይ ብትዘራ በመስከረም ታብባለች፤ ከሥሯም ድንች የመሰለ ነገር ትቋጥራለች። የእናቷን ቀለም ግን አትጠብቁባት። ከቀይ ዳሊያ ዘር ሮዝም ቢጫም ወጥቶልኛል።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ራሴ ለብዙ ዓመት ቋሚ አበባ መሬት ላይ አልተከልሁም። የመጋቢ ቤት የኪራይ ቤት ነው። ባለቤቴ ሲዛወር ዕቃ ጭነን እንሄዳለን። ስለዚህ አበባዬ ሁሉ በዘይት ቆርቆሮ ነበር። «ለማን ብዬ?» እል ነበር።

አጥር የምንጋራቸው እማማ ከጮቄ ተራራ ሥር ካለው አገራቸው ሲመለሱ ጥቂት ዘር በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡልኝ። በክረምት ጮቄ ላይ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ፣ ቀይና ቢጫ ሆኖ የሚቆመው አበባ ነው። አንዳንዱ አሸንዳ፣ አንዳንዱ አበልቢላ ይለዋል። በዱር የሚበቅለው በአገራችን ብቻ ነው። እማማ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ መጀመሪያ ወደዚህ ስንመጣ ሰላምታችን ከአጥር አያልፍም ነበር። ዘሩን ሲሰጡኝ «ልጄ፣ ሦስት ዓመት ይፈልጋል። ትቆያላችሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዘሩን ግን ተቀበልሁ።

የመጀመሪያውን ዘር በውሃ ብዛት ገደልሁት። ችግኙ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ቀጥኖ ከወደቀ ውሃ በዝቶበታል ማለት ነው። በሁለተኛው ጊዜ የተነፋ አፈር፣ የቆየ ፍግና የወንዝ አሸዋ እኩል ቀላቅዬ፣ ሥሩ በተበሳ ቆርቆሮ ሞላሁ። ዘሩን በራሱ ውፍረት ልክ ብቻ አፈር አለበስሁት፤ ክዳኑ በመርፌ በተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ አጠጣሁት። ቶሎ አይበቅልም፤ ከሳምንታት በኋላ ነው እንደ ሣር ብቅ የሚለው። ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳትደፉት! ከሐምሌ በረዶ በጆንያ ከልሉት። ወደ መሬት ስታዛውሩትም ውሃ ከሚቋጥር ዋልካ አርቁት፤ ሥሩ ይበሰብሳል። የእኛ ቀይ አፈር ደግሞ ኮምጣጣ ስለሚሆን ጥቂት የምድጃ አመድ ነስንሼበታለሁ። አደራ፣ ከተራራው ዘሩን ብቻ ውሰዱ እንጂ ሥሩን አትንቀሉ።

ስድስት ችግኝ ተረፈልኝ። ዘንድሮ ሦስተኛው ክረምት ነው። ባለፈው ሳምንት የአንዱን ቅጠል ገለጥ ባደርግ፣ መሐሉ ላይ ጣት የሚያህል እንቡጥ አየሁ። በዚያው ሳምንት ባለቤቴ የዝውውር ወሬ ይዞ ገባ።

ትናንት ዝናቡ ሲያባራ ሦስቱን ከነአፈራቸው አንሥቼ በእማማ በኩል ተከልኋቸው። እሳቸው ጉድጓዱን ቀድመው ቆፍረው ጠበቁኝ። ሁለቱን እንቡጥ የያዘውን ጨምሬ ለሚቀጥለው ተከራይ ትቻለሁ። አንዱ በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ነው።