ያለ ትኬት በሚጓዙ ተሳፋሪዎች ላይ የሚጣል ቅጣት ግልጽና ፍትሐዊ ሊሆን ይገባል

ሐተታ

በ2015 ዓ.ም በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ነዋሪዎች ለሥራ፣ ለትምህርትና ለገበያ ወደ አዲስ አበባ ይመላለሳሉ። የቀላል ባቡሩ መስመር ወደ አካባቢዎቹ ባይዘልቅም፣ ከሰበታ የሚነሳው ተሳፋሪ በጦር ኃይሎች፣ ከቡራዩ የሚመጣው በአውቶቡስ ተራ፣ ከሱሉልታ የሚወርደው ደግሞ በፒያሳ በኩል ሊጠቀምበት ይችላል።

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመጀመሪያ ያስከፍል የነበረው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ተሳፋሪው ትኬቱን አስቀድሞ ገዝቶ ይሳፈራል፤ መክፈሉን የሚያረጋግጡትም ተቆጣጣሪዎች ናቸው። እንዲህ ያለው አሠራር በተሳፋሪው ታማኝነትና በቁጥጥሩ ጥንካሬ ላይ የተመሠረተ ነው።

ቅጣት የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለአብነት ያህል የ6 ብር ጉዞ የሚያደርግ ሰው በ20 ጉዞ አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈተሽ ቢሆን፣ ሳይከፍል የሚያስቀረው 120 ብር ይደርሳል። ቅጣቱ ከዚህ ካነሰ ማጭበርበሩ አትራፊ፣ በታማኝነት የሚከፍለው ደግሞ ተጎጂ ይሆናል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ ግን የቅጣቱ መጠን ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ያመለክታል። በህንድ ያለ ትኬት የተገኘ ተሳፋሪ ከጉዞው ዋጋ በተጨማሪ የዋጋውን ያህል ወይም 250 ሩፒ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ይከፍላል። በእንግሊዝ ከጥር ወር 2023 እ.ኤ.አ ጀምሮ ቅጣቱ 100 ፓውንድና የጉዞው ዋጋ ሲሆን፣ በ21 ቀናት ውስጥ ለከፈለ ቅጣቱ በግማሽ ይቀንሳል። በጀርመን 60 ዩሮ የሚያስቀጣው ጥፋት፣ በስሙ የተሰጠውን የወር ትኬት ረስቶ ለመጣና በአንድ ሳምንት ውስጥ ላቀረበ ሰው ወደ 7 ዩሮ ዝቅ ይላል። ሆን ብሎ ያጭበረበረውና የዘነጋው እኩል አይታዩም።

ከዚህ በመነሳት የዘርፉ ኃላፊዎች ትኩረት ሊሰጧቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። የቅጣቱ መጠን በሕግ ተደንግጎ በየጣቢያው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሊለጠፍ ይገባል። ትኬት መሸጫው ተዘግቶ ወይም መልስ ጠፍቶ ያልገዛ ተሳፋሪ የሚቀጣበት አግባብ አይኖርም። ቅሬታም ከቀጪው ሠራተኛ ውጭ በሆነ አካል ሊታይ ይገባል።

ከሁሉም በላይ ማንኛውም ክፍያ በደረሰኝ መሆን አለበት። ያለ ደረሰኝ የተሰበሰበ ቅጣት የድርጅቱ ገቢ ሳይሆን ለሙስና በር የሚከፍት ነው። ሕዝቡ በአሠራሩ ላይ የሚኖረው አመኔታ ደግሞ ከቅጣቱ ከሚገኘው ገንዘብ ይበልጣል።