በለስ በደጃችን፣ ኬሚካል በዶላር

ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ አንድ ወዳጄ በዚህ ሳምንት «ዶላር ሲጠፋ ኬሚካሉ አይመጣም፤ ማጣሪያው ይቆማል፤ ፍሳሹ ግን አይቆምም» አለኝ። ያንገበገበኝ የተናገረበት ቦታ ጭምር ነው። የቆምነው እንዳ ኢየሱስ፣ የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ነበር።

በለስ የት ጠፍቶ? ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚወጣው ዝልግልግ ፈሳሽ ድፍርስ ውኃን ያጠራል። የሽፈራው ፍሬም እንዲሁ ነው። ተፈጭቶ ውኃ ውስጥ ሲገባ አዎንታዊ ሙል ያለው ፕሮቲኑ አሉታዊ ሙል ያላቸውን የጭቃ ቅንጣቶች ስቦ ያያይዛቸዋል፤ ከብደው ይዘቅጣሉ። የሱዳን ሴቶች ድፍርሱን የዓባይ ውኃ በዚሁ ፍሬ ሲያጠሩ ኖረዋል።

«ይህ ከላቦራቶሪ አይወጣም» የሚሉኝ አሉ። ማን አውጥቶት ያውቃል? ሽፈራው ለምሳሌ የቆዳ ፋብሪካን ክሮሚየም ብቻውን አይጨርስም፤ በብዛት ከተጨመረም ውኃው ውስጥ ኦርጋኒክ ቆሻሻ ይተዋል። ስንት መጨመር እንዳለበት የሚታወቀው ግን በፋብሪካው ፍሳሽ ላይ ሲሞከር ነው።

አንባቢ የቆየ ጸቤን ያውቃል፤ የራሳችንን ዕፅ ሌላ ካላከበረልን አናከብርም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እናቶቻችን በየቀኑ የሚወቅጡት እንዶድ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። አክሊሉ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ከዚያም በእንዶድ አጠቃቀም ላይ ፓተንት የያዘው የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ይህ ቁጭት ዛሬም አልወጣልኝም፤ በለስና ሽፈራውም በዚያው መንገድ እንዳይሄዱ እሰጋለሁ።

እንዳ ኢየሱስ የውኃን ዋጋ ከማንም በላይ ያውቃል። በ1888 ዓ.ም. እዚህ የመሸገው የጣልያን ጦር ምሽጉን የለቀቀው፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ተይዞበት በጥም ስለተሸነፈ ነው። እንዲህ ያለ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ ዩኒቨርሲቲ ከሥሩ ስላለው ከተማ ውኃ ቀድሞ ሊቆረቆር ይገባዋል።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። አንድ ፋብሪካ አንድ ገንዳ ይስጥ፤ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ይላክ። በአንዱ ወገን ኬሚካሉ፣ በሌላው በለስና ሽፈራው አንድ ዓመት ጎን ለጎን ይሞከሩ፤ ውጤቱም ቢሠራም ባይሠራም በአደባባይ ይነገረን።