ማስተማርም ማከም ነው

በሰው ልጅ ላይ ከሚደርሱት ሕመሞች አንዳንዶቹ ለጥቂት ቀናት አስተኝተው ይለቃሉ፤ ሌሎቹ ግን አንዴ ከያዙ ለረጅም ጊዜ፥ ብዙውን ጊዜም ዕድሜ ልክ አብረው ይኖራሉ። የስኳር በሽታ፥ የደም ግፊት፥ የሚጥል በሽታና አስም ከእነዚህ ከሁለተኞቹ የሚቆጠሩ ናቸው። ወባ የያዘው ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት ወስዶ ሲጨርስ ወደ ሥራው ይመለሳል። የስኳር በሽተኛ ግን ከሐኪም ጋር የሚገናኘው ከብዙ ቀናት በአንዱ ነው፤ በቀሩት ቀናት ሁሉ ራሱን የሚያስታምመው ራሱ ነው። ስለዚህ እንዲህ ላለው ሰው መድኃኒት መስጠት ብቻውን ሙሉ ሕክምና ሊባል አይችልም። ሕመሙን እንዴት እንደሚይዝ ማስተማር የሕክምናው ግማሽ ነው፤ ይህም ትምህርት በነርሶች አማካይነት፥ ሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ ሊሰጥ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1922 ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ ከተሰጠ ወዲህ፥ ቀድሞ ያለ ጥርጥር ይገድል የነበረው የስኳር በሽታ ዓይነት ተይዞ የሚኖርበት ሆኗል። ይሁን እንጂ የመድኃኒት መገኘት ብቻ አልበቃም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ዘገባ፥ በበለጸጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ሕክምናቸውን በታዘዘው መሠረት የሚከታተሉት በአማካይ 50 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም። የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት ስለሌለው፥ ይህን ያልተነገረው ሰው «ደኅና ነኝ» ብሎ ክኒኑን ያቆማል፤ ቆይቶም ልቡ ወይም ኩላሊቱ ይጎዳል። የሚጥል በሽታ ያለበትም ሰው መድኃኒቱን በድንገት ቢያቋርጥ ሕመሙ በርትቶ ሊመለስበት ይችላል።

ይህን ነገር በአሶሳ እንመልከተው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የበርታ፥ የጉሙዝ፥ የሺናሻ፥ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ከመጡ ወገኖች ጋር ይኖራሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ነገር ግን ከሸርቆሌ ወይም ከኩርሙክ ተነሥተው አሶሳ ሆስፒታል የሚደርሱ እናት የሚያውቁት የበርታን ቋንቋ ብቻ ሊሆን ይችላል። ምክሩ በአማርኛ ቢነገራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ይወጣሉ፤ ቤታቸው ይዘው የሚገቡት ግን ክኒኑን ብቻ ነው። ቋንቋው ቢገባቸውም እንኳ ምክሩ ከኑሯቸው ጋር ካልተስማማ ዋጋ የለውም። በቤታቸው የሚበላው የማሽላ ገንፎ ሆኖ ሳለ ስለማያውቁት ምግብ መስማት ምን ይጠቅማቸዋል? ማንጎ በሚበስልበት ወቅት ምን ያህል መብላት እንደሚገባ፥ የረመዳን ጾም ከመግባቱ በፊት ስለ መድኃኒቱ ሐኪም ማማከር ስለምን እንደሚያስፈልግ፥ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቆላ ኢንሱሊን በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ሊነገራቸው ይገባል። የስኳር በሽታ የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ፥ እሾህ ቢወጋቸው ላይሰማቸው ይችላል፤ ስለዚህ እግራቸውን በየቀኑ እንዲመለከቱና በባዶ እግር እንዳይሄዱ ማስረዳት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የምታስረዳ ነርስ ከመርፌ የማያንስ ሕክምና ትሰጣለች።

«ነርሶች ጥቂት ናቸው፤ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ለማስተማር ጊዜው ከየት ይመጣል?» የሚሉ አሉ። አባባሉ ከእውነት የራቀ አይደለም። ሆኖም ሳይማር የተሸኘ ሕመምተኛ እግሩ ቆስሎ ወይም ራሱን ስቶ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የሚፈጀው ጊዜ፥ ገንዘብና ጉልበት ከዐሥር ደቂቃ ምክር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። «ሳይቃጠል በቅጠል» መባሉ ለዚህ ነው። በጎንደርና በጅማ አካባቢ የሠለጠኑ ነርሶች በገጠር ጤና ጣቢያዎች የሚጥል በሽታንና የስኳር በሽታን የመሳሰሉትን ሕመሞች እንዲከታተሉ ተደርጎ፥ ሕመምተኞች በአቅራቢያቸው ለመታከም ችለዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የጤና ባለሙያን እስከ ቀበሌ አድርሷል። እንግዲህ መንገዱ የታወቀ ነው። ማስተማር እንደ ትርፍ ሥራ ሳይታይ ሰዓት ሊመደብለት፥ የአካባቢውን ቋንቋዎች የሚናገሩ ነርሶችም በብዛት ሊሠለጥኑ ይገባል።

ጉዳዩ ተማሪዎችንም ይመለከታል። አማርኛንም የቤቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ተማሪ የአያቱ አስተርጓሚ ሆኖ ሐኪም ቤት ሊሄድ ይችላል። ይህ ተማሪ የተባለውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይንገር፤ ያልገባውን መልሶ ይጠይቅ፤ የሰማውንም ምሥጢር ይጠብቅ። ነገር ግን ተማሪ የሠለጠነ ባለሙያን ሊተካ አይችልም። አያቱ በልጅ ልጃቸው ፊት አፍረው የሚሸሽጉት ሊኖር ይችላልና፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ስለሆነም ዛሬ በእነዚህ ቋንቋዎች አፋቸውን ከፈቱት ተማሪዎች መካከል አንዳንዶቹ ነገ የነርስነትን ሙያ ቢመርጡ፥ ለወገናቸው ከመድኃኒት ጋር የሚተካከል ነገር ያበረክታሉ።