ብሮውዘሩ የኛ ይሁን፤ ቁልፉስ በማን እጅ ነው?

እኛ በቀየት ኢንተርኔት የምንከፍትበት መንገድ ይታወቃል። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ወጥተን፣ የገዛነው ፓኬጅ ቶሎ እንዳያልቅ ኦፔራ ሚኒን እንከፍታለን። የሚቆጥብበት ምስጢር ግን ለብዙዎቻችን አልተነገረንም። በከፍተኛው የቁጠባ ስልቱ የጠየቅነው ገጽ መጀመሪያ የኩባንያው ሰርቨር ላይ ተከፍቶና ተጨምቆ ነው የሚላክልን። ጉዳያችን በሌላ እጅ ያልፋል ማለት ነው።

ወጣቶቻችን «የራሳችን የሞባይል ብሮውዘር እንስራ» ይላሉ። እንደግፋቸዋለን። ከባዶ መጀመርም የለባቸውም። የክሮሚየምና የፋየርፎክስ ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ብሬቭ ከመጀመሪያው፣ ቶር ብሮውዘር ከሁለተኛው ተሰርተዋል። ስምና አርማ መቀየር ቀላሉ ስራ ነው (አረንጓዴ ቀለም መቀባትም እንዲሁ)። ከባዱ ሲንክ የሚባለው ነው። ሲንክ ማለት በአንዱ ስልክ ያስቀመጥነው ገጽና ፓስወርድ በሌላውም ስልካችን እንዲገኝ በሰርቨር በኩል ማመሳሰል ነው። ስልክ ሲጠፋ ወይም ሲወሰድ በእጅጉ ይጠቅማል። ግን ያው ሰርቨር የሁላችንም ጓዳ ይሆናል።

ነሐሴ 2008 ዓ.ም. የኦፔራ የሲንክ ሰርቨር ተሰብሮ፣ ኩባንያው የሲንክ ተጠቃሚዎቹን ሁሉ ፓስወርድ ለመቀየር ተገደደ፤ ተጠቃሚዎቹ 1.7 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ብሮውዘሩ ራሱ ለቻይና ባለሀብቶች ተሸጠ። አማና ተቀባዩ ሲቀየር አማና ሰጪውን የጠየቀው አልነበረም።

በአገራችን ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ግንቦት 2004 ዓ.ም. ቶር ተዘጋ። መጋቢት 2006 ዓ.ም. ሂውማን ራይትስ ዎች ባወጣው ሪፖርት፣ የተቀዳ የስልክ ንግግራቸው በምርመራ ላይ የቀረበባቸው ሰዎች ቃል ሰፍሯል።

ስለዚህ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ቁልፉ በባለቤቱ ስልክ ላይ ይሰራ፣ ከዚያም አይውጣ። ፋየርፎክስ እንዲህ ያደርጋል፤ ሰርቨሩ የሚይዘው የተቆለፈ ሳጥን ብቻ ነው። ዋጋም አለው። ፓስወርዱን የረሳና የመመለሻ ቁልፉን ያላስቀመጠ ሰው ሰርቨር ላይ ያለው መረጃ ይጠፋበታል፣ የሚመልስለትም የለም። ይህንን ለማቅለል ተብሎ የሁሉም ቁልፍ አንድ ቦታ እንዳይሰበሰብ አጥብቀን እናሳስባለን። «ወንድሞቻችሁን አታምኑም ወይ?» ቢሉን እናምናለን። ግን ሰው ይታሰራል፣ ሰው ይገደዳል። በእጁ የሌለውን ቁልፍ ማንም ሊነጥቀው አይችልም።

ሌላው የኔትወርክ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ያየነውን እናውቃለን። ብሮውዘሩ ያነበብነውን መጀመሪያ ስልኩ ላይ ያስቀምጥ፤ ኔትወርክ ሲመለስ የተቀየረውን ብቻ ይላክ። አለበለዚያ ለአዲስ አበባ እንጂ ለደጋችን አይሆንም።

ኮዱም ለሚያውቅ ሁሉ ክፍት ይሁን። በመድረሳ ተማሪዎቻችን ስልክ ላይ ከመጫናችን በፊት፣ ከኛ ወገን ያልሆነ ባለሙያ ጭምር ቁልፉ የት እንደሚሰራ አይቶ ይንገረን። እስከዚያው ኢንሻአላህ እንጠብቃለን።