ማሳሰቢያ፦ የተማሪ ካርቦን ያለው ከሰሉ ላይ ነው

ከግቢ ውጭ ክፍል ተከራይታችሁ ለምትማሩ፣ ልጆቻችሁን ሩቅ ከተማ ልካችሁ ለምታስተምሩ ወላጆች፣ ክፍል ለምታከራዩም ጭምር።

ፍም ያለበት የከሰል ምድጃ አስገብታችሁ፣ በርና መስኮት ዘግታችሁ አትተኙ። ጭሱ አልቆ ፍሙ ስለቀላ ብቻ «አሁንስ ምንም አያደርግም» ብላችሁ ወደ ውስጥ አታስገቡት። ከኅዳር እስከ ጥር እንደ ደብረ ብርሃን ያሉ ደጋ ከተሞች ውርጭ ሲወርድባቸው፣ ክረምት ላይ ደግሞ አዲስ አበባና ጎንደር ዝናቡ አላባራ ሲል፣ ሽሮ የተሠራበትን ምድጃ ወደ አልጋው ጠጋ አድርጎ ሲያነቡ ማምሸት ብዙ ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። አምሽቶ እንቅልፍ ሲመጣ ምድጃውን ለማውጣት ብርዱ ያሳንፋል። አደጋው የሚደርሰውም ያኔ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለ አየር ንብረት ነው። ከመኝታ ክፍል የጀመረው ግን ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአንድ የኪራይ ቤት ተማሪ ውሎ ውስጥ ትልቁን ካርቦን ወደ አየር የሚለቀውና ሌሊት ላይ ሕይወት የሚቀጥፈው ልማድ አንድ ነው።

የካርቦን አሻራችሁን ቀንሱ የሚሉ ምክሮች በየትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። መብራት አጥፉ፣ ቻርጀር ንቀሉ፣ ሥጋ ቀንሱ፣ በአውሮፕላን አትብረሩ ይላሉ። ምክሮቹ ስህተት የለባቸውም። የተጻፉት ግን ለሌላ ሰው ነው፤ መብራቱ ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ ለሚመጣለት፣ ቤቱን በጋዝ ለሚያሞቅ፣ ለእረፍት ባሕር ተሻግሮ ለሚሄድ። በካፌ የሚመገብ የግቢ ተማሪ ሥጋ ቀንስ ቢባል ከየት ላይ ይቀንሳል? የጾም ወራቱን ስንጨምርበት ምክሩ ቀልድ ይሆናል።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። ከነዳጅ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከሲሚንቶ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሕዝቡ ሲካፈል፣ ለአንድ አሜሪካዊ በዓመት 14 ቶን ገደማ ሲደርሰው ለአንድ ኢትዮጵያዊ 0.2 ቶን እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ይህን ቁጥር ይዞ «እኛማ ንጹሕ ነን» ብሎ መቀመጥ አያዋጣም። የማገዶና የከሰል ጭስ በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። የአገራችን ሰው ወጡን በምን እንደሚያበስል የሚያውቅ ደግሞ ከቆጠራው ውጭ የቀረው ምን ያህል እንደሆነ ይገምታል።

በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው፤ አዳማና አሸጎዳ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ከቀሪው የተወሰነውን ይሸፍናሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ አምፖል ማጥፋት ገንዘብ ይቆጥባል፣ የምሽቱን የኃይል ጫናም ያቀላል፤ ካርቦን ግን እምብዛም አይቀንስም። የስልክ ቻርጀርማ ስሙም ባይነሳ ይሻላል። በየቀኑ ሙሉ ለሙሉ የሚሞላ ስልክ ዓመቱን በሙሉ ከ10 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ አይፈጅም። የስልክ ትልቁ ልቀት ያለው ፋብሪካው ውስጥ ነው፤ ካርቦን መቀነስ የፈለገ ስክሪኑን አስቀይሮ፣ ባትሪውን አስለውጦ ሁለትና ሦስት ዓመት ይጨምርበት።

አሁን ወደ ከሰሉ እንመለስ፤ ሒሳቡን ማንም የኬሚስትሪ ተማሪ በእስክሪብቶ ሊሠራው ይችላል። ከከሰል ክብደት ከሦስት አራተኛ የማያንሰው ካርቦን ነው። አንድ ኪሎ ካርቦን ሲነድ ከአየር ኦክስጅን ስለሚወስድ 3.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ከሰል ያነደደ ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋ ጋዝ ለቋል ማለት ነው። ከታክሲ ጋር እናስተያየው። አንድ ሚኒባስ በአንድ ሊትር ቤንዚን 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ሊትሩ 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ለ12 ተሳፋሪ ሲከፈል የአንዱ ድርሻ 200 ግራም አይሞላም። በአንድ ኪሎ ከሰል ሽሮውንም ሻዩንም ቡናውንም ያፈላ ተማሪ እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ሜትር የሆኑ ወደ 15 የታክሲ ጉዞዎች እንዳደረገ ቁጠሩት።

ይህ ገና ምድጃው ላይ ያለው ነው። በአፈር ተከድኖ በሚከሰል እንጨት አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት ኪሎ ያላነሰ እንጨት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ ይሄዳል። የቀረው በጭስ መልክ ይወጣል፤ ጭሱ ውስጥም ሚቴን አለ። ሚቴን በመቶ ዓመት ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ሙቀት ያምቃል። የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክን ግራር ከጨረሱት ነገሮች አንዱ ከሰል መሆኑን በዚያ መንገድ የተመላለሰ ሁሉ ያውቃል፤ ከሰል የሞላው ማዳበሪያ አስፋልቱ ዳር ተደርድሮ ነበርና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት ተገቢ ነው፤ ከሰል ሁሉ አንድ ዓይነት ከሰል አይደለም። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ያሉ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዝርያ በማሳቸው ይተክላሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘሩበታል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆርጠው ያከስሉትና መልሰው ይተክላሉ። ዛፉ እንደገና ሲያድግ የተለቀቀውን ካርቦን መልሶ ይወስዳል። ለብዙ ቤተሰብም መተዳደሪያ ሆኗል። እንዲህ ያለው ከሰል ከተፈጥሮ ደን ተጨፍጭፎ ከመጣው ጋር አብሮ መወቀስ የለበትም። ችግሩ ቸርቻሪዋ ዘንድ በፌስታል ሲሸጥ የየት እንደሆነ የሚጠይቅም የሚመልስም አለመኖሩ ነው። ደግሞም ከየትም ይምጣ፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ የሚያደርገው ነገር ያው ነው።

የሚያደርገው እንዲህ ነው። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል በመሆኑ፣ ሳንባ እየተነፈሰ አካል ይታፈናል። ብዙ ሰው የሚያስጠነቅቀው ጭስ ይመስለዋል፤ ጭሱ ሲጠፋ ምድጃውን የሚያስገባውም ለዚህ ነው። ፍሙ ግን ጋዙን ማውጣቱን አላቆመም። ጨው ቢነሰነስበት፣ አጠገቡ ውሃ በሳፋ ቢቀመጥ አይቀንስም። አመድ አልብሶ ማቆየትም እሳቱን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም፤ እንዲያውም እስኪነጋ እንዲቆይ ይረዳዋል።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ከተሰማችሁ፣ በተለይ አንድ ክፍል ያላችሁት ሁላችሁ በአንድ ጊዜ ከተሰማችሁ፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። በሩን ከፍታችሁ ውጡ፤ መውጣት ያልቻለውን ጎትታችሁ አውጡ። ሎሚ ማሽተት፣ ክብሪት ጭሮ አፍንጫ ሥር መያዝ፣ ራሱን ለሳተ ሰው ወተት ማጠጣት አያድንም፤ የመጨረሻው እንዲያውም ያንቀዋል። የሚያድነው ኦክስጅን ነው፣ እሱም ያለው ጤና ተቋም ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ላይ ይደወላል። ሻል ቢላችሁም ሳትታዩ አትቅሩ።

ታዲያ በምን ይብሰል? በመብራት። አንድ ኪሎ ከሰል የሚጨርሰውን ማብሰል በግምት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት ይሠራዋል፤ ልቀቱም ወደ ዜሮ ይጠጋል። ነገር ግን «ስቶቭ ግዙ» ብሎ ማለፍ ሌላ አደጋ መጋበዝ ነው። አንድ ስቶቭ ከ1,000 እስከ 2,000 ዋት ይስባል። አራት ተከራይ በአንድ ቀጭን ገመድ ላይ በየማከፋፈያው ከሰካ ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ስቶቭ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ፤ ሶኬቱ ሲነካ ከሞቀ ወይም ፕላስቲኩ ከጠቆረ ይቁም፤ መሰኪያ የሌለውን ገመድ ልጦ ባዶ ሽቦ መሸጎጥ በፍጹም አይሞከር። ዶርም ውስጥ ያላችሁ ስቶቩን ከፕሮክተር ደብቃችሁ አልጋ ሥር አትሰኩት፤ ፍራሹ አጠገብ ነው።

አከራዮችም ይስሙን። ብዙ ተማሪ ወደ ከሰል የሚሄደው ወዶ አይደለም፤ ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ስቶቭ ስለሚከለከል ነው። ክልከላችሁም ይገባናል፤ ሒሳቡ የሚመጣው በእናንተ ስም ነው፣ ፍጆታው ሲበዛም ታሪፉ ይጨምራል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ክፍል የሚያነብ ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት፣ ወይም ለአንድ የጋራ ማብሰያ ደህና ገመድ አዘርግቶ ሒሳቡን ማካፈል ይቻላል። ይህም ካልሆነ ቢያንስ ዝናብ የማያገኘው ከፈት ያለ ቦታ ለከሰል ስጡ። ስቶቭም ከልክሎ፣ በረንዳ ላይ አታንድዱ ብሎም መቆጣት ልጁን በሩን ዘግቶ እንዲያነድ መምከር ነው።

መብራት መጥፋቱ እንዳለ ነው፤ ከሰል ጨርሶ አይቀር ይሆናል። ስታነድዱ በደጅ አንድዱ። ከቆርቆሮው ምድጃ ይልቅ በሸክላ የተለበጠው «ላቀች» ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ምስሩን፣ ባቄላውንና ሽምብራውን ማታ ዘፍዝፉ፤ ድስቱን ክደኑ፤ ሦስት ሆናችሁ ሦስት ድስት ከምትጥዱ አንድ ድስት ጣዱ። ከሰል ለማቀጣጠል ፌስታልና ላስቲክ አትጠቀሙ፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ ያውም ምግብ ሥር። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን መከልከሉም መዘንጋት የለበትም። ለብርዱ ጋቢና ካልሲ፣ ካስፈለገም ሙቅ ውሃ የተሞላ በደንብ የሚዘጋ ዕቃ ብርድ ልብስ ውስጥ ማስገባት በቂ ነው። ምድጃ የማሞቂያ ዕቃ አይደለም።

ከከሰሉ ቀጥሎ ሊታሰብበት የሚገባው ትራፊ ምግብ ነው። ካፌ ውስጥ እንጀራ አንስቶ ግማሹን ትቶ መነሳት ልማድ ሆኗል። ያ እንጀራ የተጋገረው በብዙ ቦታ በማገዶ ነው፤ ሲጣልም ከሌላው ቆሻሻ ጋር ታፍኖ ይበሰብስና ሚቴን ያወጣል። ትንሽ አንሱ፣ ካነሰ ድገሙ፤ ካፌው መድገም የሚከለክል ከሆነ የተማሪ ኅብረቱ ሊከራከርበት የሚገባ ጉዳይ ይህ ነው። መጓጓዣን በተመለከተ የምንለው አጭር ነው፦ የሚደረስበትን በእግር፣ ሌላውን በአውቶቡስ ወይም በባቡር፤ ለብቻ ኮንትራት ታክሲ መያዝ የአሥራ ሁለቱን ሰው ድርሻ መውሰድ ነው። ለበዓል ቤተሰብ ለመጠየቅ አገር አቋርጦ የሚሄድን ተማሪ ግን ስለ ልቀት ማሳቀቅ ነውር ነው። ሳልቫጅ ለሚለብስም ስለ ልብስ የምንመክረው የለንም፤ ቀድሞን ሄዷል።

በመስከረምና በጥቅምት ክፍል የምትፈልጉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት መስኮቱ የሚከፈት መሆኑን ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ፤ ቆጣሪው የማን እንደሆነና ስቶቭ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ፤ መብራት ሲጠፋ ምድጃው የሚቀመጥበትን ቦታ አከራዩ በጣታቸው ያሳዩአችሁ። ወላጆችም ለልጃችሁ ብርና በሶ ስትልኩ፣ ማታ ስትደውሉ ደግሞ ምድጃው የት እንዳለ ጠይቁ።