ከሕመምተኛ ራስጌ ያልተለዩ ወዳጃችን

የአገራችንን ሰው ለቅሶ በመድረስ የሚቀድመው የለም። በጉራጌ አገርማ እገሌ ዐረፈ የተባለ እንደ ሆነ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ድንኳን ይተከላል፤ እድሩም ድርሻውን ይከፍላል። መልካም ልማድ ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ያ የተለቀሰለት ሰው ሦስት ወር ሙሉ ባልጋ ላይ ሲማቅቅ ከራስጌው የተቀመጠ ማን ነበር? ተብሎ ቢጠየቅ ብዙዎቻችን አንገታችንን እንደፋለን።

በቅርቡ በሞት የተለዩን ወዳጃችን ትውልዳቸው ቡታጅራ፥ ኑሮአቸው ወልቂጤ ነበር። መመስገንን አይወዱም ነበርና ስማቸውን አንጽፍም። ሐኪም «ከእንግዲህ ወደ ቤቱ ውሰዱት» ያለውን ሕመምተኛ፥ ክርስቲያኑን ከሙስሊሙ ሳይለዩ፥ ያለ አንዳች ደመወዝ እየፈለጉ ይሄዱ ነበር። ገላውን ያጥባሉ፤ ጀርባው እንዳይቆስል ያገላብጡታል፤ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ያርሳሉ። ሌሊቱን ዐይኗን ያልከደነችውንም ሚስት «ሂጂና ተኚ፥ እኔ አለሁ» ይሏታል። እኛስ ከሥራቸው ሁሉ ይህችን እናስበልጣለን፤ አስታማሚን የሚያስብ እምብዛም የለምና።

አንድ ጊዜ በአጣጥ አቅራቢያ በሚገኝ መንደር፥ ለአንድ ሽማግሌ እህል አልወርድ ብሎአቸው ሳለ ልጆቻቸው ክትፎ አቅርበው «ይጉረሱ እንጂ» እያሉ ያስጨንቋቸው ነበር። ወዳጃችንም ልጆቹን ወደ ውጭ ጠርተው፥ ሰውነታቸው ምግብ መቀበሉን ትቷልና አታስገድዷቸው አሏቸው። ተመልሰውም «አባባ፥ ምን ይፈልጋሉ?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው የፈለጉት ጀፎረውን፥ ያን በመንደሩ መካከል የሚያልፈውን ሰፊ የሣር ጐዳና፥ ማየት ነበር። አራት ጐበዞች ከነጅባቸው ተሸክመው አወጧቸው። ልጆች ሲጫወቱ፥ ከብትም ሲገባ እያዩ እስኪመሽ ቈዩ። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

ይህን የመሰለው ሥራ በውጭ አገር ሆስፒስ ይባላል። እንግሊዛዊቱ ሐኪም ሲስሊ ሳንደርስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በሎንዶን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ከፈቱ። ሞርፊን ሥቃዩ እስኪበረታ ሳይጠበቅ በተወሰነለት ሰዓት ቢሰጥ ሕመምተኛው አእምሮው ሳይደነዝዝ ዕረፍት እንደሚያገኝ ያስተማሩ እርሳቸው ናቸው። በአገራችንም ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን በ2003 ዓ.ም.፥ በዚያው አቆጣጠር፥ ሆስፒስ ኢትዮጵያን በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ወዳጃችን የሕክምና ትምህርት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ለሐኪም ትተው፥ «ሞርፊን ይገድላል» ብሎ የሚፈራውን ቤተ ሰብ ግን ወደ ሐኪሙ ይዘው ይሄዱ ነበር። በዚህ ፍርሃት ምክንያት ሰው እየጮኸ ሲሞት አይተናልና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወዳጃችን ከመታመማቸው በፊት በእድራቸው ስብሰባ ተነሥተው አንድ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ይኸውም ከየወሩ መዋጮ ጥቂቱ ለብቻው ተቀምጦ በሕይወት ላለው ሕመምተኛ ይዋል፤ አባላቱም ለድንኳኑ እንደሚወጡ ሁሉ ለማስታመም ተራ ይግቡ የሚል ነው። አንዳንዶች ደገፉ። ሌሎች ግን እድር ለቀብር ነው፥ ደንቡም እንዲሁ ይላል ብለው ተከራከሩ፤ ነገሩም በቀጠሮ ታለፈ። ወዳጃችን ባረፉ ጊዜ እድሩ ድንኳኑን ተከለ፤ በደንቡ የተወሰነውንም ገንዘብ ሳያጐድል ለልጃቸው አስረከበ። ቀጠሮው ግን እስከ ዛሬ አልደረሰም።